ሸማው ይታወቃል፣ ሸማኔውስ?

የተሰጠኝ ርእስ ሰፊ ነው፦ የአገር በቀል ማኅበረሰቦች በኪነ ጥበብ፣ በትምህርት፣ በንግድና በማኅበራዊ ኑሮ ያላቸው ድርሻ። ሁሉንም ልዳስስ ብል ስም እየጠራሁ ማለፌ ስለሆነ ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ ላለመራቅ መርጫለሁ። የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎችንና ከእንጦጦ ጫካ እንጨት ተሸክመው ሲወርዱ የኖሩ ሴቶችን ይዤ አንድ ነገር ለማስረዳት እሞክራለሁ። እነዚህ ሰዎች ለአዲስ አበባ ብዙ ሰጥተዋል፤ የሰጡት ነገር ስምና ዋጋ ግን በእጃቸው አልገባም፤ ይህ እስካልተስተካከለ ድረስ በየበዓሉ የምናዘንብላቸው ምስጋና እምብዛም አይጠቅማቸውም ነው የምለው። በቅድሚያ እንዴት እዚህ እንደደረሱ፣ ቀጥሎ ሥራቸው ምን እንደያዘ እናገራለሁ፤ ከዚያ ለሚነሡ ተቃውሞዎች መልስ ሰጥቼ፣ ሊደረግ ይቻላል ወደምለው እሻገራለሁ።

እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚበልጥ ነፋሻና ብርዳም ተራራ ነው። ከተማ ሳይቆረቆር በፊት የቱለማ ኦሮሞ የሚያርሰው፣ ከብትም የሚያሰማራበት ምድር ነበር፤ ዛሬ በክፍለ ከተማና በሰፈር ስምነት የምናውቃቸው የካ፣ ጉለሌና ገላን የእነዚያ ባለ አገሮች የጎሳ ስሞች ናቸው። አፄ ምኒልክ በ1870ዎቹ ዓ.ም. መቀመጫቸውን እዚህ አደረጉ፤ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑትም በእንጦጦ ማርያም ነው። ቤተ መንግሥቱ፣ ጦሩና አገልጋዩ ግን የዙሪያውን ዛፍ ለማገዶና ለቤት ሥራ እየቆረጠ አራቆተው። እቴጌ ጣይቱ የፍል ውሃውን ሜዳ ወደውት ከ1879 ዓ.ም. ጀምሮ ከተማው ቀስ በቀስ ወደ ታች ሲወርድ የማገዶው ችግርም አብሮ ወረደ። ከተማዋን ከመፍረስ ያዳናት በ1880ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ከውጭ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። የእንጦጦና የየካ ተዳፋት በባሕር ዛፍ ተሸፈነ፤ እንጨቱን ወደ ከተማ የማውረዱ ሸክም ደግሞ ውሎ አድሮ የሴቶች ጀርባ ላይ አረፈ።

ሸማኔዎቹ የመጡት ከሩቅ ነው። ከአርባ ምንጭ በላይ፣ በጨንቻ ዙሪያ ያሉት የጋሞ ደጋዎች ከአዲስ አበባ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃሉ። ደቡቡ በምኒልክ ዘመን ወደ ማዕከላዊው መንግሥት ከተጠቃለለ በኋላ የጋሞ ሰዎች ሙያቸውን ይዘው ሸማ ፈላጊ መኳንንትና ነጋዴ ወደበዛበት ከተማ መጉረፍ ጀመሩ፤ ብዙዎቹም በእንጦጦ ሥር፣ በሽሮ ሜዳና በአካባቢው ሰፈሩ። ከተማው ሁሉንም «ዶርዜ» ብሎ ጠራቸው፤ ዶርዜ ግን ከብዙዎቹ የጋሞ ማኅበረሰቦች አንዱ ብቻ ነው። እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም፦ ከ500 ኪሎ ሜትር የመጣን ሰው በኦሮሞ ምድር ላይ እንዴት አገር በቀል ትለዋለህ? ጥያቄው ተገቢ ነው። የመሬቱ ነባር ባለቤት ማን እንደሆነ ከላይ ተናግሬያለሁ፤ ያን የሚሽር ነገር የለኝም። የሸማኔው ዕውቀት ግን በዚህች አገር በአንድ ማኅበረሰብ መካከል ተወልዶ፣ ከአባት ለልጅ ተላልፎ፣ እዚህ ተራራ ሥር ትውልዶችን አስቆጥሯል። አንዱን ለማክበር ሌላውን መካድ አያስፈልግም፤ በአዲስ አበባ ጉዳይ ላይ የምንጣላው ብዙውን ጊዜ ይህን ስለምንረሳ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ፤ ጥበቡም ትምህርቱም ንግዱም አንድ ላይ ተሸምነው የሚገኙት እዚያ ነው። ጥጡ ይፈለቀቃል፣ በደጋን ተነድፎ ባዘቶ ይሆናል፣ በእንዝርት ይፈተላል። ይህ በአመዛኙ የሴቶች ሥራ ነው። ሸማኔው ድሩን ያደራል፣ እግሩን መሬት ላይ ከተቆፈረው ጉድጓድ አስገብቶ ይቀመጣል፣ በእግሩ ድሩን እየከፈተ ማጉን በመወርወሪያ ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ይሰዳል። ነጭ ሸማ እስከሆነ ድረስ ሥራው የጽናትና የእጅ ልምድ ነው። ጥለቱ ሲመጣ ግን ሌላ ችሎታ ይጠየቃል። ፊቱ የተዘረጋ ሥዕል የለም፤ የትኛው ክር ይነሣል፣ የትኛው ይቀመጣል፣ ስንት ተቆጥሮ ቀለሙ ይለወጣል የሚለው ሁሉ በአእምሮው ነው። የቀኙ ከግራው እኩል እንዲሆን፣ መካከሉ እንዳይዛባ፣ በነጠላው አንድ ጫፍ የተጀመረው ጥለት በሌላው ጫፍ ሳይጓደል እንዲደገም ያሰላል። በመደበኛ ትምህርት ቤት ተመጣጣኝነት፣ ድግግሞሽና ተከታታይ ቁጥር ብለን የምናስተምረውን ሒሳብ አንድ የ20 ዓመት ሸማኔ በጣቶቹ ይሠራዋል። ያንን ስሌት በወረቀት ላይ አስፍሮ ለክፍል ያቀረበ መጽሐፍ ግን ተማሪው እጅ ላይ አላየሁም። መምህራን የሚሠለጥኑበት ኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ ሽሮ ሜዳ ባለችበት በዚሁ ከተማ፣ በሰሜን ምሥራቅ ይገኛል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት በታክሲ ይሸፈናል፤ በመማሪያ መጽሐፍ ሲለካ ግን እጅግ ረጅም ነው።

ንግዱም ራሱን የቻለ ሰንሰለት ነው። ፈታይ፣ ክር ሻጭ፣ ሸማኔ፣ ልብስ ሰፊ፣ ባለ ሱቅ፣ ከዚያም ዲዛይነርና ወደ ውጭ ላኪ እየተቀባበሉት ይሄዳል። በእንቁጣጣሽ፣ በገና፣ በጥምቀትና በፋሲካ ሰሞን ወደ እንጦጦ የሚያወጣው መንገድ ግራና ቀኙ በነጭ ልብስ ይሞላል። ባንክ ያላበደረውን እቁብ ያበድራል፣ ሐዘን ሲመጣ እድሩ ይደርሳል። ይህን የሚያህል ንግድ ያለ ቢሮና ያለ ማስታወቂያ ከመቶ ዓመት በላይ ጸንቷል። ነገር ግን ሰንሰለቱ ላይ ማን ምን ያህል እንደሚያገኝ ስንመለከት ሸማኔው ከታች ነው፣ ፈታይዋ ደግሞ ከእሱም በታች። ለሠርግ የሚሆን ጥለት ሳምንታት ሊወስድ ይችላል፤ ዋጋውን የሚቆርጠው ግን ክሩን በዱቤ የሰጠው ወይም ልብሱን የሚረከበው ነጋዴ ነው። ነጋዴውን ክፉ ነው ማለቴ አይደለም። ገበያውን የሚያውቀው፣ ገዢውን የሚያገኘው፣ ሱቁ ላይ ስሙን የጻፈው እሱ ነው፤ ሸማኔው ግን ልብሱ ላይ ስም የለውም። ልብሱ ስም ሲይዝ ምን እንደሚመጣ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ሞዴሏ ሊያ ከበደ እ.ኤ.አ. በ2007 «ለምለም» የተባለውን የልብስ ድርጅት ስታቋቁም የአዲስ አበባ ሸማኔዎች የሠሩትን ሸማ ለውጭ ገበያ አቀረበች። ሥራው ያው የእጅ ሽመና ነው፤ ልብሱ ግን ስም ይዞ ስለወጣ ሌላ ገበያ ገባ። ስሙ የሸማኔው አለመሆኑን ሳልረሳ ነው ይህን የምለው፤ ስም ገንዘብ መሆኑን ያሳያል።

ስለ ማኅበራዊ ኑሮ ስናገር ከእንጦጦ ትንሽ ወጣ እላለሁ። በመስከረም 2011 ዓ.ም. ከእንጦጦ ሰንሰለት በስተ ምዕራብ በቡራዩና በአካባቢው በደረሰው ጥቃት ብዙ የጋሞ ተወላጆች ተገደሉ፣ ተፈናቀሉ፤ ከእነሱም መካከል በሽመና የሚተዳደሩ ነበሩ። ወሬው አርባ ምንጭ ሲደርስ የተቆጡ ወጣቶች ለበቀል ወጡ። የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው መንገዱ ላይ በፊታቸው ተንበረከኩ፤ ወጣቶቹም ተመለሱ። ብዙዎች ይህን በስሜት የተደረገ ድንገተኛ ነገር አድርገው አወሩት። እኔ የማየው ግን ለዘመናት የተሠራበት ተቋም ነው። በጋሞ ደጋ ዱቡሻ የሚባል የአደባባይ ሸንጎ አለ፤ ክስ የሚሰማበት፣ ቂም የሚፈታበት፣ ሕግ የሚመከርበት። ሣር ይዞ የተንበረከከን ሽማግሌ ረግጦ ማለፍ ነውር ብቻ ሳይሆን መቅሠፍት የሚያመጣ በደል እንደሆነ እያንዳንዱ ልጅ ሲማር አድጓል። ያን ቀን የሠራው ያ ትምህርት ነው። ሽማግሌዎቹ መልካቸውና ስማቸው ታየ፣ አገርም አመሰገናቸው። የዚያው ሕዝብ ልጆች በሽመና የሰጡን ግን መልክም ስምም አላገኘም። ሁለቱም ከአንድ ምንጭ የተቀዱ ሆነው ሳለ አንዱን ብቻ ማየታችን ያስገርመኛል።

ሁለተኛዎቹ ባለ ታሪኮቼ እንጨት ተሸካሚዎቹ ሴቶች ናቸው። በ1980ዎቹ ዓ.ም. የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት አንዲት ሴት የምትሸከመው ከ30 ኪሎ ግራም በላይ፣ አንዳንዴም ከራሷ ክብደት የማይተናነስ ነበር፤ ከእንጦጦና ከየካ ተዳፋት እስከ ገበያው ያለውን ረጅም ቁልቁለት በእግር ትወርደዋለች፣ ጠባቂ ካገኛት ደግሞ እንጨቷን ትነጠቃለች። ከተማዋ እንጀራዋን የጋገረችው በከፊል በእነዚህ ሴቶች ጀርባ ነው። የከተማው ሰው ግን በአብዛኛው ደን አጥፊ ብሎ ነው የሚያስታውሳቸው። የሚገርመው፣ ቅጠሉንና ጭራሮውን ይለቅሙ የነበሩት እነሱ ሲሆኑ፣ ግንዱን ቆርጦ በጭነት መኪና ያወጣው ሌላ ነው። በዚያው አሥር ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ከእነሱ መካከል የተወሰኑት የቀድሞ እንጨት ተሸካሚ ሴቶች ማኅበር ብለው ተደራጁ፤ በእንጦጦ ግርጌ ሽመና ተምረው ሻርፕና ሌሎችም የሸማ ውጤቶች እያመረቱ መሸጥ ጀመሩ። በጋሞ ልማድ ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል። እነዚህ ሴቶች ያን መስመር ሲሻገሩ ሰማይ አልተደፋም፤ ሽመናውም አልተበላሸም። ለእኔ ከሁሉ በላይ ዋጋ ያለው ማኅበሩ በራሱ ስም መሸጡ ነው። ገዢው ከማን እንደሚገዛ ያውቃል፣ ለምን እንደሚከፍልም ያውቃል። ትንሽ ማኅበር ነች፤ ሽሮ ሜዳ ሁሉ ሊያደርገው የሚገባውን ግን በተግባር አሳይታለች።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ። የመጀመሪያው ከሁሉ ይከብዳል፦ ይህን ሁሉ አሳምረህ ትናገራለህ፤ በሽሮ ሜዳ ጉድጓድ ውስጥ ከትምህርት ቤት ርቀው የተቀመጡት ሕፃናትስ? እውነት ነው። ልጅ አስተምራለሁ፣ ሥራ አስይዛለሁ እያሉ ከጋሞ መንደሮች ሕፃናትን አምጥተው ቀኑን ሙሉ ያለ በቂ ምግብ የሚያሸምኑ ነበሩ፣ ዛሬም አሉ። ጋሞ ራሱም ቢሆን ሸክላ ሠሪውንና ቆዳ ፋቂውን ለዘመናት ከሸንጎና ከጋብቻ አግልሎ የኖረ ማኅበረሰብ ነው። ይህን የካደ ሰው ስለ አገር በቀል ዕውቀት ባይናገር ይሻላል። ከተማችንም ከዚህ አትሻልም፤ የቀጨኔን ሸክላ ሠሪዎችና ሸማኔዎች ማሰሯቸውን ገዝተን፣ ሸማቸውን ለብሰን፣ ቡዳ እያልን ሰድበናቸዋል። አፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብን በአዋጅ እስከ መከልከል የደረሱት ነገሩ ምን ያህል ሥር እንደሰደደ ስላዩ ነው። ነገር ግን ልብ በሉ፣ የልጅ ጉልበት የሚበዘበዘው በአብዛኛው ሸማኔው ዋጋ ስለማይቆርጥ ነው። ትርፉ ሲጠብበት ሊቀንሰው የሚችለው ብቸኛ ወጪ የሠራተኛው ደመወዝ ይሆናል፤ ደመወዝ የማይጠይቅ ሠራተኛ ደግሞ ልጅ ነው። ደላላውንና አሠሪውን ሕግ ይቅጣ። ዋጋው ካልተስተካከለ ግን ሌላ ደላላ ይተካል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የገበያ ነው። በፋብሪካ የታተመ ጥለት ከውጭ ይመጣል፣ ርካሽ ነው፣ አቅም የሌላት እናትም በበዓል ልጇን ታለብስበታለች፤ ይህን ማን ይከለክላታል? እኔም አልከለክላትም። ድሃ በርካሽ ለበሰ ተብሎ አይወቀስም። የምቃወመው የታተመው «ሐበሻ ልብስ» ተብሎ ከእጅ ሥራው ጎን ተሰቅሎ፣ ገዢው ሳይለይ ሲገዛው ነው። ያኔ የሸማኔው ጥለት ያለ ፈቃድና ያለ ክፍያ ይወሰድበታል፣ በራሱ ጥለትም ከገበያ ይባረራል። የታተመውን የታተመ፣ በእጅ የተሸመነውን በእጅ የተሸመነ ብሎ መሸጥ ማንንም አይጎዳም።

ሦስተኛው ተቃውሞ «ስም ማስመዝገብ ወረቀት ነው» የሚል ነው። መልሱን ከራሳችን ታሪክ ላምጣ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉትን የቡና ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ተነሥታ፣ ስታርባክስን ከመሰለ ግዙፍ ድርጅት ጋር ተከራክራ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ስምምነት ተፈራረመች። የጤፍ ጉዳይም አለ፦ አንድ የሆላንድ ድርጅት በጤፍ ዱቄት ላይ ያገኘውን የፈጠራ ባለቤትነት መብት የሄግ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ዋጋ ቢስ አደረገው። ቡናው ላይ የተገኘው ድል ለገበሬው የታሰበውን ያህል ሀብት እንዳላዘነበ አውቃለሁ፤ ምልክቱ የመንግሥት እንጂ የአምራቹ ስላልነበረ ይመስለኛል። ለዚህ ነው ለሽመናው ምልክቱ በሸማኔዎቹ ማኅበራት እጅ መሆን አለበት የምለው። ጋናዎች ኬንቴ የሚሉትን የሽመና ጨርቅ ንድፎች እ.ኤ.አ. በ2005 በቅጂ መብት ሕጋቸው ሥር አስገቡ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ ኬንቴ በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት ተመዘገበ። ከውጭ የሚገባው የታተመ ኬንቴ ገበያውን መሙላቱን አላቆመም፤ እውነተኛውን የሚፈልግ ገዢ ግን ምን እንደሚጠይቅ ያውቃል።

እኛስ ሕግ አለን ወይ? በከፊል አለን። አዋጅ ቁጥር 482/1998 የማኅበረሰብ ዕውቀትን ያስከብራል፣ ነገር ግን የሚያተኩረው በዕፅዋት፣ በእንስሳትና በመሰል ሕይወታዊ ሀብት ላይ ነው፤ ጥለት አይነካም። የንግድ ምልክት አዋጁ ቁጥር 501/1998 ግን አንድ ማኅበር ለአባሎቹ ሁሉ የሚያገለግል የወል የንግድ ምልክት እንዲያስመዘግብ ይፈቅዳል። ሽሮ ሜዳ የሚያስፈልጋት ይኸው ነው፦ በእጅ ለተሸመነ ልብስ ብቻ የሚሰጥ፣ ሕፃን አሠሪን የሚያስወጣ፣ ፈታይዋንም በአባልነት የሚያቅፍ የወል ምልክት። ምልክቱን የሚቆጣጠረው ከውጭ የመጣ ሹም ቢሆን ይበላሻል። የእጅ ሥራን ከማሽን ሥራ በዓይን የሚለየው ሸማኔው ነው፤ ሲዋሽ የተገኘን አባል ለመገሠጽም ዱቡሻንና እድርን የለመደ ማኅበረሰብ ከማንም በላይ ያውቅበታል። ምልክቱን የሚመዘግብ ቢሮም አለ፤ የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ደጃፍ የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎችን ሊያስፈራ አይገባም።

ስለ እንጦጦ ፓርክ አንድ ቃል ልጨምር። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ሲከፈት ተራራው ሌላ መልክ ያዘ፤ መናፈሻው፣ መንገዱ፣ ምግብ ቤቱ ብዙ ሰው ይስባል። ብዙው ጎብኚ ሽሮ ሜዳን አቋርጦ ነው የሚወጣው። መልካም አጋጣሚ ነው። ነገር ግን ከተማ ሲታደስ መጀመሪያ የሚነሡት በኪራይ ቤት ውስጥ ጉድጓድ ቆፍረው የሚሸምኑት ናቸው። ለሸማኔ መሣሪያ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ጉድጓድ አይቆፈርለትም። የሚያድሱ መሐንዲሶች ለመኪና ማቆሚያ እንደሚያስቡት ሁሉ መሬት ላይ ለሚሠራ ሸማኔ የመሥሪያ ቦታ በፕላናቸው ላይ ቢያሳዩ ወጪው ከሌላው ሥራ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው።

እንግዲህ ልመናዬን ለየባለቤቱ ላቅርብ። የሽመና ማኅበራት ሆይ፣ ተሰባስባችሁ የወል ምልክታችሁን አስመዝግቡ፤ ዲዛይነሮች ሳይቀድሟችሁ። ኮተቤ ያላችሁ መምህራን፣ አንድ ሸማኔ ክፍላችሁ ገብቶ ጥለት እንዴት እንደሚቆጠር እንዲያስተምር ጋብዙት፣ ለሰዓቱም እንደማንኛውም አስተማሪ ክፈሉት። ክፍለ ከተሞቻችን፣ የካም ጉለሌም፣ የመልሶ ማልማት ፕላን ስታወጡ ለሸማኔና ለፈታይ የሚሆን መሬት አስቀድማችሁ ከልሉ። እኛ ለባሾች ደግሞ በሚመጣው በዓል ነጠላ ስንገዛ ከዋጋው አስቀድመን አንድ ጥያቄ እንጠይቅ፦ ይህን ማን ሸመነው? ሻጩ ስሙን ካላወቀ የሚያውቅ ሱቅ እንፈልግ።